«ዘጠኝ ያድናል» — ዘጠኝ ምን?

ትርጉም ማለት ቃልን በቃል መተካት የሚመስላቸው ጸሐፍት በዝተዋል። ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሱት ደግሞ በእንግሊዝኛ የጥንቃቄ አባባሎች ላይ ነው። «በጊዜው የተሰፋ አንድ ስፌት ዘጠኝ ያድናል» ይሉናል። ዘጠኝ ምን? ዘጠኝ ነፍስ? እንግሊዛዊው የሚያወራው ስለ ተተረተረ ልብስ ነው፤ ቀዳዳው ሳይሰፋ አንድ ጊዜ የወጋ መርፌ ኋላ ዘጠኝ ጊዜ ከመውጋት ያርፋል። ቁጥሩም ከስሌት የመጣ አይደለም። «ታይም» እና «ናይን» በድምፅ ስለሚዋደዱ ብቻ ጆሮ የወደደው ነው። በአማርኛ ያ ውበት ይሞታል፤ የሚተርፈን ግራ የገባው ዘጠኝ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ቋንቋ ይህን መዋስ ለምን አስፈለገው? እዚህም ድምፅ ከድምፅ ገጥሟል፤ ሐሳቡም በሦስት ቃል ሳይሆን በሁለት ተጠናቋል።

አንዳንዶች ደግሞ ከዚህ አልፈው፣ «ፈረንጅ አስቀድሞ ይጠነቀቃል፤ የእኛ ተረት የሚያውቀው ጅብ ከሄደ ውሻ መጮኹን ነው» ይላሉ። ይህ ስንፍና ነው። ያ ተረት የዘገየውን ይነቅፋል እንጂ መዘግየትን አይመክርም። እንግሊዞችም ፈረሱ ካመለጠ በኋላ የጋጣውን በር በሚዘጋው ሰው ይሳለቃሉ። «አስቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያለውስ ማን ነው?

ልዩነቱ ያለው ከአባባሉ በኋላ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። «አንድ አውንስ መከላከል የአንድ ፓውንድ ፈውስ ያህል ዋጋ አለው» የሚለው አባባል ዛሬ በየአገሩ የሐኪም ምክር ሆኖ ይጠቀሳል። አንዱ ፓውንድ አሥራ ስድስት አውንስ መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ግን ሚዛኑ ባዶ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1735 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ጋዜጣው ላይ ሲያወጣው ደግሞ ጉዳዩ በሽታ ሳይሆን የእሳት ቃጠሎ ነበር። የጋለ ፍም በአካፋ ይዛችሁ ከክፍል ወደ ክፍል፣ በደረጃም ላይ አትመላለሱ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙት ሲል መከረ። በዓመቱ፣ በ1736፣ የከተማይቱ ነዋሪዎች ከእርሱ ጋር ሆነው የበጎ ፈቃድ የእሳት አጥፊዎች ማኅበር መሠረቱ፤ አባላቱም የቆዳ ባልዲ ማዘጋጀት ግዴታቸው ሆነ።

እነሆ፣ የፍራንክሊን አባባልና የእኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተገናኙት በአንድ እሳት ላይ ነው! እርሱ ከቃሉ ቀጥሎ ባልዲ አነሳ። እኛ ግን ቃሉን የስብሰባ መክፈቻና መዝጊያ አድርገነዋል፤ ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ቅጠሉን የሚቆርጥ ግን አይታይም።

እንግዲህ ተርጓሚዎቻችን ስፌት መቁጠራቸውን ይተዉ፤ በቋንቋው ያለውን ይጠቀሙ። ተናጋሪዎቻችንም ተረቱን ከመድገማቸው በፊት ቅጠሉ በእጃቸው መኖሩን ይመልከቱ። አለዚያ የሚቀረን ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።