የላም ገበያ ውል

እሁድ እዚህ ደነባ ከዕድር ስብሰባ ስንወጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተናገረው ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ሶሻል ዴሞክራሲ የጠገበ አገር ፖለቲካ ነው፤ ለደነባ ምን ያደርግላታል?» አለ። ያኔ መልስ ሳልሰጠው ተለያየን፤ ዛሬ ልመልስለት።

ልጄ፣ ስዊድን ጠግባ አልጀመረችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና በ20ኛው መጀመሪያ መካከል ከሚሊዮን በላይ ሕዝቧ ወደ አሜሪካ ተሰዷል። የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲመሠረት አብዛኛው ሠራተኛ የመምረጥ መብት እንኳ አልነበረውም።

እኔን የሚማርከኝ ግን እ.ኤ.አ. 1933 ነው። ሥራ አጥነት በበረታበት በዚያ ዓመት በፔር አልቢን ሀንሰን የሚመራው ይህ የሠራተኞች ፓርቲ ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር ተዋዋለ። ገበሬው ለእህሉና ለቅቤው የዋጋ ከለላ አገኘ፤ ሥራ ፈቱ ደግሞ ተገቢ ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሥራ። ስዊድኖች ውሉን «የላም ንግድ» አሉት። ስሙ ለነቀፋ የወጣ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የላም ገበያ ሻጭና ገዢ ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ተመራርቀው የሚለያዩበት የክብር ቦታ ነው። ፓርቲው ከዚያ ወዲህ፣ ከአጭር ጊዜ መቋረጥ በቀር፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1976 ሥልጣን ላይ የቆየው እንዲህ መዋዋል ስላወቀ ነው እላለሁ።

ከአገራችን ፖለቲካ ጋር ያለኝ የቆየ ጠብም እንዲህ መዋዋል አለማወቁ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኢዜማ የተባለው ፓርቲ «ማኅበራዊ ፍትሕ»ን በስሙ ይዞ ሲመሠረት ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የትኛው ፓርቲ ነው ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ምስር ዋጋ የተዋዋለው? በመረሬው ላይ ጎንበስ ቀና ሲል የከረመው ሰው ምርቱን ጥር ላይ ለዕዳ በርካሽ ሸጦ፣ ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ ይሸምታል።

መረዳዳቱስ አይጎድለንም፤ ዕድራችን ለቀብር ያዋጣል፤ ለታመመ ማዋጣትን ግን የተማርነው ዘግይተን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው እንዲከፍል፣ የሌለው በመንግሥት እንዲሸፈን ያደርጋል። ጎረቤቴ እማማ የመድን ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ሶሻል ዴሞክራሲ ማለት ይህ ነው፤ ሰው ሳይሞት የሚደርስ ዕድር።

ስለዚህ ልጄ፣ የገበሬውን ዕዳ መክፈያ ከጥር ወደ ግንቦት ፈቀቅ የሚያደርግ ውል ይዞ ደነባ ገበያ የሚቆም ፓርቲ ከመጣ ድምፄ የእሱ ነው።