ምክሩን ትተው ሳቁን ወሰዱት

ይድረስ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጆች

የምጽፍላችሁ ከመርሳ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ ስትጓዙ ሲሪንቃን እንዳለፋችሁ የምታገኟት የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። የኦ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆች ማታ ያዩትን ጠዋት ሜዳ ላይ ሲጫወቱት በየቀኑ አያለሁ። እናንተ ይህን ጨዋታ ብታዩት አሠራራችሁን የምትቀይሩ ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስት ልጆች የበቆሎ ቆረቆንዳ ማይክ አድርገው ፕሮግራም ይሠራሉ። አንዱ ጠያቂ ነው። ሌላው ከገጠር የመጣ ልጅ ሆኖ “ኸቤት ነው የመጣሁት” ሲል ዙሪያውን የከበቡት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከየት እንዳመጡት አውቄያለሁ፤ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የታየውን የልጆች ድራማ እኔም አይቼዋለሁ። ድራማው የተሠራው በገጠር ልጅ አነጋገር ማሾፍ ነውር መሆኑን ለማስተማር ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር ይሳቅበታል። ሊያልቅ ሲል ትልቅ እህቱ ገብታ ሰው በአነጋገሩ እንደማይናቅ መከረች፤ ሙዚቃው መጣ፣ አለቀ። ልጆቼ ምክሩን ትተው ሳቁን ይዘው መጡ።

ያን ጠዋት ከገጠር ቀበሌ መጥታ አክስቷ ዘንድ እየኖረች የምትማር ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማ ነበር። እሷ “ከ” አትልም፣ “ኸ” ነው የምትለው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ስሟን ስጠራ “አቤት” ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ከዚያ በፊት ተረት ስናወራ ከሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣው እሷ ነበረች።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ባህላችን ሊጠፋ ነው ተብሎ ብዙ ተጮኸ። የውጭ ካርቱንም ሲወቀስ እንሰማለን። ስጋቱን አልንቀውም። የእኔን ተማሪ ያሸማቀቃት ግን ከባሕር ማዶ አልመጣም። በራሳችን ቋንቋ፣ በቅን ልብ፣ ልጅ እናንጽበታለን ብለን የሠራነው ነው።

ይህ የመርሳ ልጆች ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናታቸው አሜሪካ ውስጥ ማሪ-ሉዊዝ ማሬስ እና ኤሚሊ አኮስታ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ክሊፎርድ፣ ስለ ትልቁ ቀይ ውሻ የሚተርከውን ካርቱን አንድ ክፍል አምስት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ልጆች አሳዩ። ታሪኩ ባለ ሦስት እግር ውሻን መጀመሪያ የፈሩት ሌሎች ውሾች በኋላ ሲወዳጁት ያሳያል። አዘጋጆቹ ከእኛ የተለየን ሰው እንዳናገልል ሊያስተምሩ ነበር ያሰቡት። አብዛኞቹ ልጆች የተረዱት ግን ምክሩ ስለ ባለ ሦስት እግር ውሻ መሆኑን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚይዘው ዓይኑ ያየውን ነው፤ የተሳቀበትን፣ የተጨበጨበለትን፣ የተመታውን።

ታዲያ ቅሬታዬ በምትመክሩት ላይ ሳይሆን በአሠራራችሁ ላይ ነው። ጽፋችሁ፣ ቀርጻችሁ፣ ለአለቃ አሳይታችሁ ታስተላልፋላችሁ፤ በመካከሉ አንድም ልጅ ቁጭ ብሎ አላየውም። ስቱዲዮ ውስጥ ግጥም ሸምድዶ የመጣው ልጅ ተዋናይ እንጂ ተመልካች አይደለም። ሰሳሚ ስትሪት የተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1969 ከመጀመሩ በፊት ኤድዋርድ ፓልመር የሚባል ተመራማሪ ልጆችን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ከጎኑ በየሰባት ሰከንድ ተኩሉ የሚቀያየር ፎቶ ያሳያቸው ነበር። ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ ወደ ፎቶው የሸሸበትን ቦታ እየመዘገበ ለአዘጋጆቹ ይሰጣል፤ እነሱም ያንን ቦታ ያስተካክላሉ።

በጀት የለንም ትሉ ይሆናል። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር “ጸሐይ መማር ትወዳለች”ን ሲጀምሩ ጸሐይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘች። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ዓመት ገደማ ልጆችን ሲያጫውቱ ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር ሀብታቸው። እሳቸውም ይመክሩ ነበር፤ ነገር ግን አያ ጅቦ ምን እንደሠራና ምን እንዳገኘው ሰምተን ስንጨርስ ምክሩን ቀድመናቸው እናውቀው ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ የምታሳዩት ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም መርሳም በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ከ2015 ክረምት ወዲህም ተኩስ ባለበት ጊዜ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ያኔ ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት ውስጥ አሥር ልጅ ተደርድሮ ይውላል። እኔ በሌለሁበት የምታስተምሯቸው እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀጣዩን ክፍል ከማስተላለፋችሁ በፊት በፍላሽ ላኩልኝ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በደሴ መኪና ይደርሰኛል። ቅዳሜ ጠዋት መብራት ካለ ልጆቹን ሰብስቤ፣ ያቺንም ልጅ ከፊት አስቀምጬ አሳያቸዋለሁ። እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባዬን ሰጥቼ ፊታቸውን አያለሁ። የት ላይ እንደሳቁ፣ በማን ላይ እንደሳቁ፣ ማን ዝም እንዳለ ጽፌ እመልስላችኋለሁ።

አንዲት የኦ ክፍል መምህርት
መርሳ፣ ሰሜን ወሎ