በጣና ዳር ስንጓዝ



ሚኒባስ ላይ ፍራሽ፣ ምድጃና ስንቅ ጭኖ ከነቤተሰብ መጓዝ ልጆችን ያስደስታል፤ ወላጆችንም ያስተምራል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር የሚያደርሰው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ጉዞው መታሰብ ያለበት የመንገዱን ሰላም አጣርቶ ነው። ቤተሰብን ከአደጋ መጠበቅ ግዴታችን ነውና።

መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፤ መግሪብና ሱብሒ ግን አይቀነሱም። ልጆች ይህን የአላህ እዝነት ከመጽሐፍ ይልቅ በጣና ዳር ምንጣፍ ዘርግተው ሲሰግዱ ይረዱታል።

ከባሕር ዳር ሳንወጣ ግን አንድ ጉዳይ አለብን። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣትን የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ወንድሞቻችን ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ሙስሊሞች ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩ ጎረቤት ማዕድም ጋብቻም ነሥቷቸው ኖረዋል፤ ከሙስሊሙም ወገን የናቃቸው አልጠፋም። ዛሬ ደግሞ ደንገሉ ከዳርቻው እየተመናመነ መተዳደሪያቸው ጠቧል።

ቁርአን የሰው ክብሩ በተቅዋው እንጂ በዘሩ እንዳልሆነ አስተምሮናል። እንግዲያው ታንኳዋን ብቻ አይተን አንለፍ። ሰላምታ እናቅርብ፤ የሠሩትን ቅርጫት ዋጋ ሳንከራከር እንግዛ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን አብረን እንስገድ። ልጆቻችንም ይህን ሲያዩ ንቀትን ሳይሆን ወንድማማችነትን ከእኛ ይወርሳሉ።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን፤ አሚን!