ለምርመራ ስለሚወሰደው ናሙና

በሽታን ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ በዳኛ ፊት ከሚደረገው ክርክር ጋራ ይመሳሰላል። ሐኪሙ እንደ ዳኛ ነው፤ ከሕመምተኛው የሚወሰደው ደም፥ አክታ፥ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ደግሞ እንደ ምስክር ነው። ዳኛው ምንም ያህል አዋቂ ቢሆን፥ የቀረበለት ምስክር ሐሰተኛ ከሆነ ፍርዱ መጣመሙ አይቀርም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌም ለፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ለላቦራቶሪ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የነገሩ ክብደት በቅርቡ በግልጽ ታይቷል። በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የተነሣው ሕመም የማርበርግ በሽታ መሆኑ ኅዳር 5 ቀን ተረጋገጠ፤ በሽታው በኢትዮጵያ ሲገኝም ይህ የመጀመሪያው ነበረ። የማርበርግ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት፥ ራስ ምታትና የሰውነት ቁርጥማት ስለሚያሳይ በዓይን ሲታይ ከወባ ወይም ከታይፎይድ አይለይም። ለይቶ የሚያስታውቀው በላቦራቶሪ የሚመረመረው ጥቂት ደም ብቻ ነው። ነገር ግን ያንን ደም የሚቀዳው ሰው ራሱ በአደጋ ላይ ይቆማል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ይኸው በሽታ በሩዋንዳ በተነሣ ጊዜ ከታመሙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ 15 ሰዎችም ሞተዋል። ስለዚህ ጓንትና መሸፈኛ ልብስ ለናሙና ወሳጁ የሚሰጥ ጌጥ ሳይሆን፥ ወታደር ያለ ጋሻ እንዳይዘምት የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ከዚህ አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር በኮሮና በሽታ ከተጠረጠሩት ሰዎች የተወሰደው ናሙና ለምርመራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲታወቅ ግን ምርመራው በአዲስ አበባ ይደረግ ነበር። ከዚያም በየክልሉ ብዙ ላቦራቶሪዎች ተቋቋሙ፤ መሣሪያም ተገዛ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ከዚህ የተነሣ መሣሪያ ከተገኘ ሁሉ ተገኘ የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሊያድር ይችላል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፥ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ከሚደርሰው ስሕተት የሚበዛው የሚፈጸመው ናሙናው መሣሪያው ዘንድ ሳይደርስ በፊት፥ በሚወሰድበት፥ ስም በሚጻፍበትና በመንገድ በሚጓዝበት ጊዜ ነው። መሣሪያው የተሰጠውን ይመረምራል እንጂ የተበላሸውን አያቀናም።

ለምሳሌ ቲቢ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ እንመልከት ቢባል፥ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ የበሽታውን ዘር ያገኛል፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት የሚያሸንፈው መሆኑንና አለመሆኑንም ይናገራል። ነገር ግን ሕመምተኛው ከደረቱ በኃይል ስሎ አክታ በማውጣት ፈንታ ምራቁን ብቻ እንትፍ ብሎ ቢሰጥ፥ ያ ውድ መሣሪያ «በሽታ የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሰውየውም ደኅና ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከልጆቹ ጋራ በአንድ ጎጆ ያድራል፤ በሽታውንም ያካፍላቸዋል። ይህን ጉዳት ለማስቀረት የሚያስፈልገው አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ፥ ከሰው ራቅ ብሎ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ቆሞ፥ በረጅሙ ተንፍሶ እንዲስል በትዕግሥት ማስረዳት ነው። ይህ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የወባ ምርመራም እንደዚሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ብቻ እንኳ በኢትዮጵያ የታወቀው የወባ ሕመም በሚሊዮን የሚቈጠር ነበረ። ከጣት በሚወሰደው ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ወፍራምና ቀጭን ቅብ ይደረጋል፤ ወፍራሙ የወባው ተሕዋስ መኖሩን፥ ቀጭኑ ዓይነቱን ይገልጻል። ዓይነቱን መለየት የሚያስፈልገውም ቫይቫክስ የተባለው ወባ በጉበት ተሸሽጎ ቆይቶ ስለሚመለስ፥ ለእርሱ ተጨማሪ መድኃኒት ስለሚሰጥ ነው። መስተዋቱ ቆሻሻ ከሆነ፥ ወይም ቅቡ ሳይደርቅ ከተነካካ፥ የመርማሪው ዓይን ይሳሳታል።

ናሙና ሁሉ በአንድ ሕግ አለመጠበቁም መታወቅ አለበት። ለስኳር ምርመራ የተቀዳ ደም ሳይለይ ቢቆይ፥ የደሙ ሕዋሳት ስኳሩን ስለሚመገቡት መጠኑ በየሰዓቱ ከመቶ 5 እስከ 7 ያህል ይቀንሳል። ደሙ በመንገድ ተንገጫግጮ ሕዋሳቱ ቢፈነዱ፥ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ያለ ልክ የበዛ መስሎ ይታያል። ሽንት ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ በቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥ ይገባዋል። ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከአከርካሪ የተቀዳው ፈሳሽ ግን ተሕዋሱን ለማብቀል የሚፈለግ ከሆነ ብርድ ይገድለዋልና በበረዶ ዕቃ ውስጥ አይገባም። አንዱን የሚያድነው ሌላውን የሚያጠፋ ስለ ሆነ፥ ይህን ሥራ ሳያስተምሩ ለማንም አደራ መስጠት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ደግሞ የኢትዮጵያን ልማድ የሚነኩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። በኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የሚባል የለውም፤ ስለዚህ በስም የሚገጣጠሙ ብዙዎች ናቸው። ደግሞም አንዱ ሰው በአንድ ቦታ የዓለም ስሙን፥ በሌላ ቦታ የክርስትና ስሙን ይሰጣል። እንግዲህ ስም ብቻውን አይበቃም፤ የአያት ስም፥ ዕድሜና የካርድ ቍጥር ሊጨመርበት፥ ጽሕፈቱም ሕመምተኛው ሳይሄድ በፊቱ ሊፈጸም ይገባል። ደግሞ መጻፍ የሚገባው በዕቃው ጎን ላይ ነው፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈ ስም ክዳን ከክዳን በተለዋወጠ ጊዜ የአንዱን በሽታ ለሌላው ያወርሳል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ጧት 2 ሰዓት ተብሎ የተመዘገበውን ናሙና ተቀባዩ በፈረንጅ ሰዓት ቢያነበው፥ ናሙናው በስድስት ሰዓት ያረጀ መስሎት ደኅናውን ይጥላል። በፈረንጅ ሰዓት 8 ተብሎ የተጻፈውን ደግሞ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀትር በኋላ ያለው ስምንት ሰዓት አድርጎ ቢወስደው፥ ያረጀውን እንደ አዲስ ይቀበላል። ቀን መቍጠሪያውም እንዲሁ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ በአንድ ቀን ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር የሰው ሕይወት እንዲያስጠፋ መተው አይገባም።

መንገዱም የሥራው ክፍል ነው። ናሙና የሚላከው በሦስት ሽፋን ነው፤ ይኸውም ፈሳሽ የማያሾልክ ዕቃ፥ ቢሰበር ፈሳሹን የሚመጥ ጥጥ ያለበት ሁለተኛ ሽፋን፥ ከውጭም ጠንካራ ሣጥን ነው። በኢትዮጵያ ከጤና ጣቢያ ወደ ትልልቁ ላቦራቶሪ ናሙና በማድረስ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ጭምር ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ደብዳቤ ቢዘገይ መልሱ ይዘገያል፤ ናሙና ቢዘገይ ግን መልሱ ይጣመማል። ልዩነቱን መልእክተኛው እንዲያውቀው ማድረግ የላኪው ግዴታ ነው።

እንግዲህ በጀት የሚመድቡ ሹማምንት የመሣሪያውን ዋጋ በሚጽፉበት መዝገብ ላይ የአክታ ዕቃውን፥ የእጅ ጓንቱን፥ የማቀዝቀዣ ሣጥኑንና የሠራተኛውን ትምህርት አብረው ይጻፉ። ላቦራቶሪውም የተበላሸ ናሙና ሲመጣለት ዝም ብሎ ከሚጥለው፥ ምክንያቱን ጽፎ ለላኪው ይመልስ፤ ስሕተቱን ያልተነገረው ሰው ነገም ይደግመዋልና።

የካህናቱም ድርሻ ቀላል አይደለም። ደም ሲቀዳ ኃይሉ የሚያልቅበት የሚመስለው፥ ዓይነ ምድሩን ለማሳየት የሚያፍር ሰው በየአጥቢያው አለ። ለተራ ምርመራ የሚቀዳው ደም ጥቂት የሻይ ማንኪያ እንደማይበልጥ፥ ለሐኪም መግለጥም ነውር እንዳልሆነ የንስሐ አባቱ ቢነግረው ከማንም ይልቅ ይሰማዋል። ወደ ጸበል ከሚመጡትም መካከል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ቢገኝ፥ ጸበሉን ሳይተው አክታውን እንዲያስመረምር መምከር ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የሚተኙትን ሁሉ ማዳን ነው።

በመጨረሻም በየጤና ጣቢያው አክታ የሚቀበለው፥ ጣት የሚወጋው፥ በዕቃ ጎን ላይ ስም የሚጽፈው ሠራተኛ እንደ ትንሽ ሰው ሊቈጠር አይገባም። የሐኪሙ ፍርድ ከእርሱ እጅ ይጀምራል፤ እጁ የታመነ ከሆነም ፍርዱ የታመነ ይሆናል።