የጋራ ጥበቃ ወጪና የነጋዴው ድርሻ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ስለ ጦር ኅብረት ወጪም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስንት እንደ ያዘ ካልታወቀ ጌጥነቱ ይቀራል።

በሶማሊያ የተሠማራው የአፍሪካ ኅብረት ጦር በ1999 ዓ.ም. በዩጋንዳ ወታደሮች ሥራውን ጀመረ። በኋላም ብሩንዲ፥ ጂቡቲ፥ ኬንያና ሴራሊዮን ሠራዊታቸውን ጨመሩ፤ አገራችንም በጥር ወር 2006 ዓ.ም. ገባችበት። ሠራዊቱ ሲሰፋ ወጪውም ሰፋ፤ የወታደሩን አበል ይከፍል የነበረው ግን የአውሮፓ ኅብረት ነው። እርሱም በ2008 ዓ.ም. ከአበሉ ከመቶ 20 እጅ በቀነሰ ጊዜ፥ በሌላ ሰው ኪስ የቆመ ሰላም እንደማያስተማምን ታየ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በኪጋሊ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች፥ ከአህጉሩ ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ከመቶ 0.2 እጅ ቀረጥ እየተነሣ ኅብረቱና የሰላም ፈንዱ እንዲደገፉበት ወሰኑ፤ የአሰባሰቡንም መንገድ ለየአገሩ ተዉት። በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት በቁጥር 2719 ውሳኔው፥ እርሱ ለሚፈቅደው የአፍሪካ ኅብረት ዘመቻ እንደየጉዳዩ እየታየ ከወጪው እስከ ከመቶ 75 እጅ ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ እንዲከፈል በር ከፈተ።

ይህ ለጎንደር ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጂቡቲ ወደብ የሚገባ የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ በዚህ ልክ ቢቀረጥ 2,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡን የሚያስቀድመው አስመጪው ቢሆንም፥ በመጨረሻ የሚሸከመው ከባለሱቁ ጨርቅ የሚገዛው የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ነው። ሰሊጥ ላኪው ቀረጡ ባይነካውም ከሰላሙ ይካፈላል። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኛው በመተማ እንደ ጎረፈ ያየ ሰው፥ የጎረቤት እሳት ለንግድ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ስለዚህ መዋጮውን አንቃወምም። ይሁን እንጂ የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ደጋግሞ ይከፍል እንደ ነበረ አንዘንጋ። እንዲህ ያለ ቀረጥ በሚጣልበት ጊዜ፥ በአንድ በር አንድ ጊዜ ይከፈል፤ በደረሰኙ ላይ በስሙ ተለይቶ ይጻፍ፤ ስንት እንደ ተሰበሰበና በምን ላይ እንደ ዋለ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጥ። የንግድ ምክር ቤቶችም ይህን አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል። ነጋዴ የሚያማርረው ከመክፈሉ ይልቅ ሒሳቡን ሳያይ መክፈሉ ነውና።