የአልጋ ቁጥር ብቻውን ፈውስ አይሆንም

በካሊፎርኒያ፥ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የድንገተኛ ክፍሎች የአእምሮ ሕሙማን ቀንና ሌሊት የሚጉላሉት በአልጋ ማነስ ብቻ እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱም አዲስ ሆስፒታል ማነጽ እንጂ ሌላ እንዳይደለ አስረግጠው የጻፉት ጸሓፊ፥ ለድውያን መቆርቆራቸው የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፥ ማስረጃው በደጃቸው ሳለ አልፈውት መሄዳቸው ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

ዶክተር ስኮት ዜለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፥ ከአላሜዳ አውራጃ አምስት ሆስፒታሎች ወደ ሳን ሊያንድሮው የጆን ጆርጅ የአእምሮ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተዛወሩትን 144 ሕሙማን ተከታትለው፥ ዝውውሩን የጠበቁት በአማካይ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ብቻ እንደ ነበር፥ ቀደም ሲል የተለካው የካሊፎርኒያ አማካይ ግን ከ10 ሰዓት እንደሚበልጥ ገልጠዋል። ከእነዚያም ለተኝቶ ሕክምና የቀሩት ሩብ ያህሉ ናቸው፤ የሚበዙት በዚያው ታክመው፥ መንፈሳቸው ረግቶ፥ አልጋ ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል። መፃጉዕስ ቢሆን አልጋ መች አጣ፤ ያጣው ሰው ነበር!

ጆን ጆርጅ ራሱ በሕሙማን ብዛት መጨናነቁን አልክድም፤ ጽኑ ሕመም ያለበትም አልጋ ይገባዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የካሊፎርኒያ የላንተርማን፣ ፔትሪስና ሾርት ሕግ ሕመምተኛን እስከ 72 ሰዓት ማቆየትን የፈቀደው ለምርመራና ለሕክምና እንጂ፥ በመተላለፊያ ላይ በቃሬዛ ተኝቶ ጣራ ለመቍጠር አይደለም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ የአውራጃችሁ ሸንጎ በጀት ሲመክር ስለ አልጋ ብዛት ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ፥ ሕመምተኛው በደረሰ በስንተኛው ሰዓት የአእምሮ ሐኪም እንደሚያየው ጠይቁ።