ስለ እጅ ሥራ ምስክር ወረቀትና ስለ መስካሪው

አንድ ሰው ሐኪም ነኝ ብሎ ቢመጣ፥ ከማን ተማርህ፥ ማንስ መሰከረልህ ተብሎ ሳይጠየቅ ሕመምተኛ እንዲነካ የሚፈቅድለት የለም። የቤታችንን የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋውን፥ ልጆቻችን የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ ፍሬን የሚያድሰውን፥ የሕንፃውን ምሰሶ የሚበይደውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ የምንመርጠው በጎረቤት ወሬና በዋጋው ማነስ ነው። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የእጅ ሥራ እንደ ዕውቀት ሳይቈጠር የኖረበት ዘመን ረዥም ነው፤ ዕውቀት ያልተባለ ነገር ደግሞ ምስክር የሚያስፈልገው መስሎ አይታይም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው፥ ቀጥቃጩና ሸማኔው ሸክላ ሠሪውም ምን ያህል ተንቀው ይኖሩ እንደ ነበረ ራሱ ያስረዳል።

ዛሬ ነገሩ ቢያንስ በሕግ ተለውጧል። ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 391 ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 954 ተከተለው። በሁለቱ መካከል በ2000 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ ስትራቴጂ፥ የሥልጠና መለኪያው ተማሪው በወንበር ላይ የተቀመጠበት ዘመን ሳይሆን ሊሠራው የሚችለው ሥራ እንዲሆን ወሰነ። ለየሙያው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የሚደርስ የሙያ ደረጃ ተጻፈ። ሠልጣኙ በኮሌጁ ትምህርቱን ቢፈጽምም፥ የሙያ ብቃት ምዘና ወደሚሰጥበት ስፍራ ቀርቦ በቃልና በጽሑፍ ያወቀውን በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ሕዝቡ አሳጥሮ «ሲኦሲ» የሚለው ይህንኑ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም ጉዳዩን በበላይነት የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆኗል።

እንግዲህ የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነገሩ ወረቀቱ አይደለም፤ አስተማሪውና መስካሪው ሁለት ሰዎች መሆናቸው ነው። ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ የሚቈጥር ሰው ይኖር ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቤት ያየ ግን እንዲህ አይልም። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ስንት ዓመት ቢቀመጥ፥ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ ቢጨርስ፥ ጋይንት ወርዶ ከቤተ ልሔም ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ለመባል አይደፍርም። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም ዙር አባን ሳያይ አይቀርም፤ ቅዳሴ የተማረውም ደብረ ዓባይን ይሻል። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ይወድደዋል፤ ስለዚህም ጕድለቱን ቢሸፍንለት አያስደንቅም። የምስክሩ ቤት ግን ተማሪውን የሚያውቀው በዜማው ብቻ ነው። ከዚያ የተመለሰ ሰው በየትኛውም ደብር ቢገባ እንደ ገና ልፈትንህ የሚለው የለም፤ የምስክሩ ቤት ስም ይበቃዋልና። የሲኦሲ ወረቀትም ዋጋ የሚኖረው አሠሪው ይህን ያህል ያመነው እንደ ሆነ ነው።

በእጅ ሥራ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ብየዳን እንውሰድ፤ በዓይን ከማይታወቁት ሥራዎች አንዱ ነውና። የተበየደ ብረት ላዩ አምሮ፥ መስመሩ እንደ ጥልፍ ተስተካክሎ ሳለ፥ ውስጡ አየር የቋጠረ ወይም ከብረቱ ጋር ያልተዋሐደ ሊሆን ይችላል። ቀለም ከተቀባ በኋላማ ሠሪውም ራሱ አይለየውም። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ስለ ብረት ሕንፃ ያወጣው ደንብ በዚህ ምክንያት የበያጁን ቃል አይሰማም። በያጁ ሁለት ብረት አጋጥሞ ይበይዳል፤ ከዚያ ላይ ዘንግ ዘንግ እየተደረገ ይቈረጥና በመሣሪያ ተጭኖ ጫፍና ጫፉ ጐን ለጐን እስኪሆን ድረስ ይታጠፋል። በታጠፈው ፊት ላይ ከ3 ሚሊሜትር የሚበልጥ አንድ ስንጥቅ እንኳ ከተከፈተ ወድቋል። አንዳንድ ጊዜም በማጠፍ ፈንታ በራጅ ይታያል።

ከዚሁ ደንብ ይልቁንም የሚያስደንቀን የምስክርነቱ ጥንቃቄ ነው። ብረቱ ተኝቶለት በይዶ ያለፈ ሰው፥ ከራሱ በላይ አንጋጦ ለመበየድ አልተመሰከረለትም፤ ለዚያ ለብቻው ይፈተናል። ያለፈውም ቢሆን ከስድስት ወር በላይ ያን ዓይነት ብየዳ ሳይሠራ ከቈየ ምስክርነቱ ይቋረጣል። በዚያው አገር የመኪና ጠጋኞችን የሚፈትን ከ1972 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ የቆመ ተቋም አለ፤ እርሱም ፈተናውን ላለፈ ሁሉ ወረቀት አይሰጥም፤ በሥራ ላይ የቈየበትን ጊዜ ይጠይቃል፥ በየአምስት ዓመቱም ዳግመኛ ይፈትናል። የዛሬ መኪና የዛሬ አሥር ዓመት መኪና አይደለምና ትክክል ነው። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ እስከ መቃብር የሚያገለግል ወረቀት ሰውየው በዚያ ቀን የነበረውን ይናገራል እንጂ ዛሬ ያለውን አይናገርም።

ወረቀት ግን በራሱ ሊበዛ ይችላል፤ ሲበዛም ይረክሳል። የእንግሊዝ አገር ነገር ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ አገር ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው ውጤት ተወዳድረው በሰንጠረዥ ይታተሙ ነበር፤ በሰንጠረዡም ውስጥ የሙያ ምስክር ወረቀቶች እንደ መደበኛው ፈተና፥ አንዳንዶቹም እንደ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፈተና ሆነው ተቈጠሩ። ጥፍር የማስዋብ ወረቀት እንኳ እንደ ሁለት ትምህርት ይቈጠር ነበር። (ጥፍር ማስዋብን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሠርታ የምትበላበት ሙያ ነው። ነገር ግን ሒሳብና ቋንቋን በእርሱ ለመተካት የፈለገችው ተማሪዋ አልነበረችም።) ትምህርት ቤቶቹም ለልጁ የሚጠቅመውን ትተው ለሰንጠረዡ የሚጠቅመውን መረጡ። ፕሮፌሰር አሊሰን ዎልፍ በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለመንግሥቱ ባቀረቡት ምርመራ፥ ብዙ ወጣቶች አሠሪ የማይጠይቀውን ወረቀት ይዘው እንደሚወጡ አስረዱ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥቱ ከ3,175 ዓይነት ምስክር ወረቀት ውስጥ 125ቱ ብቻ በሰንጠረዡ እንዲቈጠሩ ወሰነ። ከጠቅላላው የቀረው ከሃያ አምስት አንድ ነው ማለት ነው። እነዚያን ሦስት ሺህ የሚያህሉ ወረቀቶች የያዙ ልጆች ግን ጊዜያቸውን መልሶ የሚሰጣቸው አልነበረም።

ይህን ያነሣነው በሰው አገር ለመሳቅ አይደለም። በእኛም ዘንድ የኮሌጅ ዲን የሚመሰገነው ምን ያህል ሠልጣኝ «ብቁ» ተባለ ተብሎ በቍጥር ከሆነ፥ የምዘናው ኀላፊም በሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ቍጥር ከሆነ፥ ቍጥሩን ከፍ የሚያደርገው አጭር መንገድ ፈተናውን ማቅለል መሆኑን ለመገንዘብ ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። መዛኙ የሠልጣኙ አስተማሪ ባልንጀራ ሲሆን፥ የተግባር ፈተናው ዕቃ ጠፋ ተብሎ በወረቀት ጥያቄ ሲተካ፥ ጥያቄው ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ሲቀር፥ ምስክርነቱ ይፈርሳል። በሐሰት ከታተመ ወረቀት ይልቅ ይህ የከፋ ነው፤ ሐሰተኛው ወረቀት ሲመረመር ይገኛል፥ በእውነተኛ ማኅተም የተሰጠው ባዶ ወረቀት ግን ምን ተብሎ ይመረመራል?

የጕዳቱ ተሸካሚ ደግሞ ሰነፉ ሠልጣኝ አይደለም፤ እርሱ ወረቀቱን አግኝቷል። የሚጐዳው በእውነት የተማረው ልጅ ነው። አሠሪው ሁለት ጊዜ ተታሎ ከሆነ በሦስተኛው ወረቀት ማንበብ ይተዋል፥ እንደ ቀድሞውም በዘመድና በትውውቅ ይቀጥራል። ዘመድ የሌለው የገበሬ ልጅ ከአገሩ ወጥቶ በከተማ ያለው መታመኛ ያቺ ወረቀት ብቻ ስለ ሆነች፥ እርስዋ ስትረክስ እርሱም አብሮ ይረክሳል።

ስለዚህ የፋብሪካ ባለቤቶች፥ የሕንፃ ተቋራጮችና የጋራዥ ጌቶች ከዚህ ነገር መራቅ አይገባቸውም። በሕጉ አሳብ የሙያውን ደረጃ በመጻፍም፥ መዛኝ ሆኖ በመቅረብም የኢንዱስትሪው ሰው ድርሻ አለው። ነገር ግን አንድ ተቋራጭ ከሁሉ የተሻለውን ፎርማን ለሁለት ቀን ለምዘና ልቀቅ ቢባል ሥራ ይበደላል ይላል፤ ወደ ምዘናው የሚልከውም ብዙ ጊዜ ቢቀር የማይጐዳውን ሰው ነው። ኋላም ኮሌጆች የማይረቡ ልጆች ይልኩልናል ብሎ የሚያማርረው ይኸው ሰው ነው። መንግሥትም በበኩሉ ለመዛኙ የሚከፈለው አበል ከዕለት ዋጋው ያነሰ ከሆነ፥ ጥሩው ሠራተኛ አይመጣም ብሎ ማሰብ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ወገን እናስብ። በመርካቶ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፥ በጋራዥ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ቁልፍ ሲያቀብል ያደገ፥ ኮሌጅ ያልገባ፥ ነገር ግን ሞተር ገና ሲነሣ በድምፁ ሕመሙን የሚያውቅ ባለሙያ አለ። ምዘናው ለኮሌጅ ልጆች ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በልምድ የተማረም ሰው ቀርቦ እንዲመዘን በሩ ክፍት ነው። በእኛ አስተያየት ከሥርዓቱ መልካም ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የጽሑፉ ፈተና ሲያስፈራው ይታያል፤ ስለዚህ ጥያቄውን በቃል አንብቦ መጠየቅ፥ ሥራውን ደግሞ ሠርቶ እንዲያሳይ ማድረግ ፈተናውን አያቀልለውም። የሚመዘነው እጁ እንጂ የጽሕፈቱ ማማር አይደለምና።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ አልፈው ምስክር ወረቀት የሌለው ሁሉ ሱቁን ይዝጋ ይላሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። የእጅ ሥራን በማክበር ስመ ጥር የሆነው የጀርመን አገር እንኳ በዚህ ነገር ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በዚያ አገር የሊቀ ጠቢብነት ፈተና ያላለፈ ሰው በብዙ የእጅ ሥራ የራሱን ሱቅ ሊከፍት አይችልም ነበር። በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ94ቱ የእጅ ሥራዎች በ53ቱ ግዴታው ተነሣ፤ በ2020 ግን እንደ ሸክላ ንጣፍ አንጣፊ ያሉ 12 ሙያዎች እንደ ገና ወደ ግዴታው ተመለሱ። ለእኛ የሚሻለው ስሕተቱ ሰው የሚገድለውን ሥራ፥ ማለት ኤሌክትሪክን፥ ሊፍትን፥ የመኪና ፍሬንን፥ የሕንፃ ብየዳን አስቀድሞ በግዴታ ሥር ማድረግና ወንበር ሠሪውን ለገዢው ዓይን መተው ነው።

ወደ ውጭ አገር ለሥራ ስለሚሄዱትም ጥቂት ቃል እንጨምር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና የሙያ ብቃት ምስክር የያዘ እንዲሆን አዝዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1246 ሲሻሻል የክፍሉ ነገር ቀርቶ የብቃቱ ምስክር ጸና። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ የኤሌክትሪክ ምድጃውንና የልብስ ማጠቢያውን፥ የሕፃንና የሽማግሌ አያያዝን፥ የውሉንም ቃል ሳታውቅ ከሄደች፥ ለስድብና ለጕዳት ተላልፋ መሰጠትዋ ነው። ወረቀቱን ሳትማር ገዝታ ብትሄድ ደግሞ የሚያተርፈው ደላላው ብቻ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥትም ከ2021 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን በራሱ ፈተና ማጣራት ጀምሯል። የላኪው አገር ምስክር ሲታመን ይህ ሁለተኛ ፈተና ባላስፈለገም ነበር።

ለጊዜው ሊደረግ የሚቻለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የእያንዳንዱ ምስክር ወረቀት ቍጥር አሠሪው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ጠይቆ እውነተኛነቱን ወዲያው በሚያውቅበት መዝገብ ይጻፍ። የመዛኙም ስም ከወረቀቱ ላይ ይኑር፤ ስሙን የጻፈ ሰው እጁ ይከብደዋልና። በዓመቱ መጨረሻም «ብቁ» የተባሉት ስንት ናቸው ከማለት ይልቅ፥ ከእነርሱ በስድስት ወር ውስጥ በተመሰከረላቸው ሙያ ሥራ የያዙት ስንት ናቸው ተብሎ ኮሌጁም የምዘናውም ቤት ይጠየቅ። «ገና ብቁ ያልሆነ» ለተባለው ልጅም የጐደለው ነገር ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጠው፦ ማዕዘኑ ተዛብቷል፥ ሽቦው ላልቷል፥ ብየዳው ሥሩ አልያዘም ተብሎ። ወደ ኮሌጁ ሲመለስ አስተማሪው ከዚያ ይጀምርለታል።